«ደረስኩ» ስንል የት ነን?

አማርኛ ለሚያረፍድ ሰው የሚራራ ቋንቋ ነው። እስቲ አስቡት፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ካልሲውን በእግሩ ጣት የሚፈልግ ሰው ስልኩን ያነሳና «መጣሁ!» ይላል። አልመጣም። አለመምጣቱን እሱም ያውቃል፣ የደወለለትም ያውቃል። «ወጣሁ» ካለ ሊታጠብ ነው፤ «መጣሁ» ካለ ሱሪውን እየታጠቀ ነው፤ «ደረስኩ» ካለ ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ የቤቱን በር ቆልፏል። አዲስ አበባ ሳለን የታክሲው ረዳት «ሄድን! ሄድን!» እያለ ግማሽ ሰዓት ሲያስቀምጠን «የት ሄድን?» ብሎ የጠየቀ ተሳፋሪ አላየሁም። አስተናጋጁ «መጣ!» ብሎ ከጮኸ ሻዩ ገና ውሃ ነው። እንግዳም ቢሆን «በሉ ሄድኩ» ብሎ ይነሳና በሩ ላይ ቆሞ ዋናውን ወሬ ይጀምራል። ማንም ማንንም ውሸታም አይለውም። ግሱ ይቀድማል፣ ሰውየው ይከተላል፤ ስምምነታችን ይኸው ነው።

ችግሩ የሚመጣው፣ ግሱን እንደ ተነገረው የሚያምን ሰው ቤታችሁ የተወለደ እንደሆነ ነው።

እኔ ቤት ተወልዷል። ቤዛ ትባላለች። ሮተርዳም ተወልዳ እዚያው አጠገብ ካፔለ አን ደን አይሰል በምትባል ከተማ ያደገች አንድ ልጄ ናት፤ ዘንድሮ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛዋን እኔና እናቷ ተጨንቀን ነው ያሳደግነው፤ ቤት ውስጥ ደች የተናገረ ሰሃን ያጥባል የሚል ሕግ ነበረን። (ሰሃኑን በብዛት ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ እሱን ተዉት።) አሁን አጥርታ ትናገራለች። እኔ አባቴን እስኪቀበሩ ድረስ «እርስዎ» ስል ኖሬ፣ እሷ እኔን «አንተ» ትለኛለች፤ ተቀይሜባት አላውቅም። ከቋንቋው የጎደላት ይህችው «እርስዎ» ብቻ ትመስለኝ ነበር። ሌላ የጎደለ ነገር እንዳለ ያወቅኩት ባለፈው ግንቦት ነው።

በግንቦት ቤዛ ከአምስት የሥራ ባልደረቦቿ ጋር ሆና ከሆላንድ ደቡብ፣ ከዜላንድ ተነስታ፣ የባሕሩን ዳር ይዛ፣ እስከ ሰሜኑ ጫፍ እስከ ዴን ሄልደር በብስክሌት ልትሄድ ተነሳች። አምስት ቀን ሙሉ! ባቡር እያለ ለምን ብላችሁ እንዳትጠይቁ፤ እኔ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ሻንጣቸውን፣ የዝናብ ልብሳቸውን፣ ትርፍ ካላማዳሪያቸውንና ምሳቸውን ጭኖ ከቦታ ቦታ እየቀደመ የሚጠብቃቸው አጃቢ መኪና ነበራቸው። መጀመሪያ ሁለቱን ቀን የነዱት የሳንደር አጎት ናቸው። ሳንደር የጉዞው አዘጋጅ ነው፤ ረጅም፣ ጨዋ፣ ሁሉን ነገር በሰንጠረዥ የሚጽፍ ልጅ። በሁለተኛው ቀን ማታ አጎትየው ወገባቸውን ያዛቸውና ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቤዛም «አባቴ ይነዳል» አለች።

ሳንደር ምን እንዳለ ራሷ ነገረችኝ፤ እዚህ አገር ያደገ ልጅ እንዲህ ያለውን አይሸፍንላችሁም። «ነገ አንድ ቀን ይሞክር። ሰዓት የማያከብር ከሆነ ለቀሪው ሁለት ቀን ሹፌር እንቀጥራለን» ነው ያለው። እሷም «እሺ» ብላለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ መንዳቱ አላጓጓኝም። ቤዛ ሥራ ይዛ አምስተርዳም ከገባች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ የማገኛት እሑድ እሑድ፣ አሥር ደቂቃ፣ በስልክ ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ከእኔ ጋር ብዙ አትጫወትም ነበር። የትምህርት ቤት በዓል ሲኖር ለእናቷ ነበር የምትነግራት። የዚህ አገር ልጆች እንዲህ ናቸው፣ ራሳቸውን ይችላሉ እያልኩ አልፌዋለሁ። እና አሁን ሦስት ቀን! ማታ ማታ አብሮ እራት መብላት ያለበት ሦስት ቀን! ከምሠራበት ሆቴል ፈቃድ ጠየቅኩ፣ የምስር ሾርባ ሠርቼ በትልቅ ፔርሙዝ ሞላሁ፣ በማግሥቱ ጠዋት እነሱ ወዳደሩበት ሁክ ፋን ሆላንድ ሄጄ ነጩን ቫን ተረከብኩ።

መኪናው አጃቢ ይባላል እንጂ አያጅብም። ብስክሌቶቹ የሚሄዱት በባሕሩና በአሸዋው ኮረብታ መካከል ነው፤ እዚያ መኪና አይገባም። እናንተ ዞራችሁ፣ በከተማ በኩል አቋርጣችሁ፣ ፊታቸው ብቅ ማለት አለባችሁ። ሳንደር በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ፦ እኩለ ቀን ላይ ስኼቨኒንገን፣ ወደቡ አጠገብ ያለው መኪና ማቆሚያ፣ ምሳ። አመሻሽ ላይ ዛንድፎርት፣ ከኮረብታው ሥር፣ የቀኑ ማብቂያ። ሁለት ቦታ ብቻ። ቤዛ የራስ ቁሯን እያሰረች «አባ፣ አደራ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ካለሁበት እስከ ስኼቨኒንገን ያለው መንገድ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ያለኝ ጊዜ ሦስት ሰዓት። ሰው የሚያረፍደው ጊዜ ሲያጥረው እንዳይመስላችሁ። ጊዜ ያጠረው ሰው ይሮጣል። የሚያረፍደው ሦስት ሰዓት የተረፈው ነው።

ትራንስቫል ገበያ መንገዴ ላይ ነበር። መንገዴ ላይ ማለቴ፣ ትንሽ ከታጠፍኩ። አጎትየው ልጄን ሁለት ቀን ሙሉ በዳቦና በአይብ ነው ያስጋለቧት፤ ለሾርባው ማባያ ቃሪያ፣ ለበኋላ ደግሞ ማንጎ ልግዛ ብዬ ነው። ቃሪያውን ገዛሁ። ማንጎ እየመረጥኩ ሳለ ከኋላዬ «ታደሰ! አንተ ሰው ጠፋህ እኮ!» የሚል ድምፅ መጣ።

እትዬ አስካለ ናቸው። ድሮ የጥገኝነት ማመልከቻችን እስኪታይ በቆየንበት መጠለያ ውስጥ ለእኔና ለባለቤቴ እናት የሆኑልን ሴት ናቸው፤ ቤዛን ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሰባውን አልፈዋል። ሰላምታችን ከእኔ ጤና ጀመረ፣ ወደ ባለቤቴ ጉልበት አለፈ፣ ቤዛ ላይ ደረሰ፣ «አላገባችም?» ላይ ቆመ፣ ቤተ ክርስቲያን ዞሮ ተመለሰ። እኔ የታላቅ ሰው ሰላምታ አቋርጬ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚቋረጥም አላውቅም። ሲያበቃ ደግሞ ሁለት ከረጢት ሽንኩርትና ድንች ይዘዋል። ትቻቸው ልሂድ? እናንተ ትሄዳላችሁ? ተሸከምኩላቸውና ወደ ትራም ፌርማታው ወሰድኳቸው። ትራሙ ዘገየ። ማካፋት ጀመረ። ስልኬ ጮኸ።

«አባ፣ የት ነህ?»

«ደረስኩ!» አልኳት፣ የእትዬ አስካለን ሽንኩርት በግራ እጄ እንዳንጠለጠልኩ።

«ደረስክ? እሺ!» ብላ ዘጋችው።

እትዬ አስካለም አልተገረሙም። «በል ልጅቷን አታስጠብቃት፣ እኔም ሄድኩ» ብለው ትራሙን መጠበቃቸውን ቀጠሉ። እኔም አብሬ ጠበቅኩ።

ስኼቨኒንገን ስደርስ ዶፍ ነበር። አምስቱ ልጆች የአንድ ዓሣ መሸጫ ጣሪያ ሥር ተደርድረው ቆመዋል፤ ከሸሚዛቸው ውሃ ይወርዳል። የዝናብ ልብሳቸው ያለው እኔ ጋ ነው። ስድስተኛዋ የለችም። ሳንደር ቀረብ ብሎ በደችኛ «ታደሰ፣ ቤዛ አንተን እየፈለገች ነው። ደርሷል አለችን፤ አርባ ደቂቃ ሆናት» አለኝ።

ዓሣ የሚራገፍበት ወደብ አይታችሁ ከሆነ ታውቃላችሁ፤ ከሁለት መኪና አንዱ ነጭ ቫን ነው። ልጄ ያን ሁሉ ነጭ ቫን አንድ በአንድ፣ በመስኮቱ እያጮለቀች አይታለች። ከዚያ «ሌላኛው ማቆሚያ ገብቶ ይሆናል» ብላ እዚያም ሄዳለች። ስትመለስ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር።

«የት ነበርክ?»

«መንገድ ላይ። ትንሽ… እትዬ አስካለን አግኝቼ…»

«ደረስኩ አልከኝ።»

«ልደርስ ነው ለማለት ነው እንጂ! አማርኛ እኮ ነው ቤዛዬ። ሰው መንገድ ላይ ሆኖ ደረስኩ ይላል።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። አልተቆጣችም። ዝናቡ ከራስ ቁሯ እየተንጠባጠበ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ሁልጊዜ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሁልጊዜ። ሁሉም ሰው።»

«መጣሁም?»

«መጣሁማ ይብሳል።»

«የዋኘሁ ቀንም?»

የዋናው ቀን አልጠፋኝም። እዚህ አገር ሁሉም ነገር በውሃ የተከበበ ስለሆነ ሕፃን ሁሉ ዋና ይማራል፤ ሲጨርስም ወላጅ በተሰበሰበበት፣ በልብሱና በጫማው ሆኖ ዋኝቶ ያሳያል፣ ስሙ ይጠራል፣ ዲፕሎማ ይሰጠዋል። ቤዛ ስምንት ዓመቷ ነበር። እናቷ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ተረኛ ስለነበረች የመሄዱ ተራ የእኔ ነበር። ያን ጊዜ የምሠራው አምስተርዳም፣ ሆቴል ጽዳት ነው፤ ልብሴን ሳልቀይር ባቡር ውስጥ ገባሁ፣ ባቡሩም ላይደን ላይ ቆሞ ቀረ። ቤዛ በአሰልጣኟ ስልክ ደወለች። «ደረስኩ የኔ ልጅ፣ ደረስኩ!» አልኳት። ስደርስ አዳራሹ እየተወለወለ ነበር። አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ፀጉሯ እርጥብ እንደሆነ፣ ዲፕሎማዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። የተጠበሰ ድንች ገዛሁላት፣ እስከ መጨረሻው በላች። ይቅር ያለችኝ መስሎኝ ነበር።

«አሰልጣኟን ሄይ ኢስ ኤር አልኳት» አለችኝ ልጄ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ስኼቨኒንገን ወደብ ላይ ቆማ። ሄይ ኢስ ኤር ማለት «እዚህ አለ» ማለት ነው። «ስሜ ሲጠራ በሩን ነበር የማየው። ውጭ የቆምክ መስሎኝ ነበር አባ። ደርሰህ ለምን ወደ ውስጥ እንዳልገባህ ነው ሊገባኝ ያልቻለው።»

«ምን መሰለሽ?»

«በሥራ ልብስህ ከሌሎቹ ልጆች ወላጆች ጋር መቀመጥ ያሳፈረህ መሰለኝ። ሁለተኛ እንዳላስጨንቅህ ብዬ ከዚያ በኋላ አልጠራሁህም።»

ሰው አንድ ጊዜ በማርፈዱ ይወቀሳል፤ ይገባዋል። እኔ ግን ባንዲት ቃል ምክንያት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በር ላይ ቆሜ ኖሬያለሁ። የትምህርት ቤቱ በዓል፣ ቴአትሩ፣ የምረቃው ዋዜማ፣ ሁሉም ያመለጠኝ ልጄ ለእኔ ስላዘነችልኝ ነው። እኔ ደግሞ «የዚህ አገር ልጆች እንዲህ ናቸው» እያልኩ ስፈላሰፍ!

«ባቡር ውስጥ ነበርኩ» አልኳት። «ከጣቢያው ጀምሮ ሮጬ ነው የመጣሁት። ልብሱ ትዝም አላለኝ።»

«አሁን ገባኝ» አለች። ከዚያም ድምፅዋን ጠንከር አድርጋ፣ «መንገድ ላይ ከሆንክ ኦንደርቬኽ በል። በአንድ ቃል ያልቃል» አለችኝ። ኦንደርቬኽ ደቾች «መንገድ ላይ ነኝ» የሚሉበት ቃል ነው፤ ንጹሕ፣ ደረቅ፣ እንደ ባቡር ማስታወቂያ። እኔም ከእንግዲህ ደረስኩ የምለው ሞተር አጥፍቼ፣ የእጅ ፍሬን ስቤ እንደሆነ ማልኩላት። ሾርባውን ጠጡ። ሳንደር ወረቀቱን አጠፈና፣ የነገውን ዛንድፎርት ላይ እንነጋገራለን አለ። በትሕትና ነው ያለው፤ ግን ሹፌር ሊቀጥር እንደሆነ ገብቶኛል።

ከስኼቨኒንገን እስከ ዛንድፎርት የነዳሁትን አነዳድ ዳግመኛ የምነዳው አይመስለኝም። ለሽንት እንኳን አልቆምኩም። ላይደን አጠገብ ሳልፍ የባቡር ሐዲዱን በክፉ ዓይን አየሁት። ዝናቡ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች፤ ከተባለው ሰዓት እጅግ ቀድሜ ኮረብታው ሥር ደረስኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። እንደገና ሳብኩት። ታጣፊውን ጠረጴዛ ዘረጋሁ፣ ጨርቅ አለበስኩት፣ ማንጎውን ላጥኩ፣ የቀረውን ሾርባ አወጣሁ፣ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ደወልኩ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም።

«ቤዛዬ፣ ደረስኩ!»

ከወዲያ ነፋስና ሳቅ ይሰማል። «እሺ አባ፣ ገብቶኛል!» አለችኝ በሚያባብል ድምፅ። «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ንዳ። አትቸኩል!»

ዘጋችው።

ቀስ ብለህ ንዳ! እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ! ደግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። ስልኩ ብስክሌቱ ከረጢት ውስጥ ገብቷል። በኋላ እንደሰማሁት ልጄ ለባልንጀሮቿ «አባቴ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ደርሰን ዝም ብለን ከምንጠብቀው እንረፍ» ብላቸው፣ ኖርድቬይክ ላይ ወርደው አይስክሬም በልተዋል፣ ጫማቸውን አውልቀው አሸዋው ላይ ተጋድመዋል። ለእኔ ብላ ነው እንግዲህ። እንዳልሳቀቅ።

እኔ ጠበቅኩ። ከኮረብታው ጫፍ ብስክሌት ብቅ ባለ ቁጥር ተነሳሁ። አንድ ሽማግሌ፣ ሁለት ባልና ሚስት፣ ውሻ በቅርጫት የጫነች ሴትዮ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ። ሾርባው በረደ። ነፋሱ አሸዋውን እያመጣ ማንጎው ላይ ነሰነሰው። የሆነ ሰዓት ላይ ቁጣዬ ለቀቀኝና ያችን አግዳሚ ወንበር አሰብኳት። እኔ ስድሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሰው፣ ልጄ እንደምትመጣ እያወቅኩ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ እንዲህ ከሆንኩ፣ ስምንት ዓመት የሆናት ልጅ አባቷ ከበሩ ውጭ ቆሞ አልገባ ያላት መስሏት ምን ሆና ይሆን? አለቀስኩ፤ ነፋስ ነው አልላችሁም።

ከደወልኩ ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ሲል ስድስቱም ከኮረብታው ወረዱ። ቤዛ ከሁሉም ፊት ነበረች። ቫኑን አይታ ፍሬን ያዘች። ጠረጴዛውን አየች፣ ጨርቁ ላይ የተኛውን አሸዋ በጣቷ ጫረችው። ከዚያ ወደ መኪናው ሄደችና መዳፏን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈች። ቀዝቅዟል።

«መቼ ነው የደረስከው?»

«ደረስኩ ስልሽ።»

«የእውነት ደረስኩ?»

«የእውነት። ፍሬኑን ሁለቴ ስቤ።»

መዳፏን ከክዳኑ ላይ አላነሳችም። «ሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ ነው ያልከኝ እኮ» አለች፤ ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ አልለየሁም። «በግማሽ ቀን ትለወጣለህ ብዬ በምን ልጠርጥር?» ከዚያ አቀፈችኝ። ላብና ጨው ጨው ትሸታለች። ቆየች። ለሳንደር በትከሻዬ ላይ አሻግራ በደችኛ ጮክ ብላ የሆነ ነገር አለችው፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ነው የደረሰው የሚለውን ያዝኩ። ሳንደር ሰዓቱን አየ፣ ሾርባውን አየ፣ ከኪሱ የነገውን ወረቀት አወጣና ሰጠኝ። «ሹፌር» ከሚለው ጎን ባዶ ቦታ ነበር። ስክሪብቶ አቀበለኝ፤ ስሜን በራሴ እጅ ጻፍኩ።

ያረፍንባት የእንግዳ ማረፊያ ደረጃዋ የጠበበ፣ ግድግዳዋ የሳሳ ናት። ታጥቤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ጫማ አጥልቄያለሁ፣ ሌላኛው የት እንደገባ እንጃ። ከታች የሰሃን ድምፅ ይሰማል።

«አባ! እራት ቀርቧል!» ብላ ቤዛ ተጣራች።

«መጣሁ!» አልኩ።

ከአፌ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። መሐላዬ ግማሽ ቀን እንኳን አልሞላውም! ታች ሳንደር የሆነ ነገር ሲጠይቅ ሰማሁ፤ ልጄም ሳትጣደፍ፣ ወንበር እየሳበች መለሰችለት።

«ሄይ ኢስ ኦንደርቬኽ።»

ትርጉሙ ልክ ነው። ጎንበስ ብዬ አልጋው ሥር ሌላኛውን ጫማ መፈለግ ጀመርኩ።